ሽቦው ከመታሰሩ በፊት፦ የድሬዳዋ ልጆችና የስድስት ዓመቷ መንጋጋ

አማርኛ ለጥርስ አቀማመጥ ቃል አይቸግረውም። በፊት ጥርሶቿ መካከል ክፍተት ያለባት ፍንጭት ትባላለች፤ ይዘፈንላታልም። የላይኛው ጥርሱ ወደ ፊት የወጣ ገጣጣ ነው፤ ይህኛው ግን በትምህርት ቤት ግቢ የሚወረወር ስድብ ሆኖ ልጁን ለዓመታት ይከተለዋል። አንዱ ጥርስ በሌላው ላይ ሲወጣ ድርብ እንለዋለን፤ አንዱ ቤት እንደ ጌጥ ይወደዋል፣ ሌላው ቤት ያለችው ልጅ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ጥርሱ የጎደለበትም ወላቃ ነው። ቃላቱ ሁሉ የሚናገሩት ስለ መልክ ነው። ስለ ማኘክ፣ ስለ ማጽዳትና ስለ ሕመም አይናገሩም። ስለዚህም የጥርስ ሽቦ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሐሳባችን በቀጥታ ወደ መስታወቱ ይሄዳል።

በድሬዳዋም ይህ ወሬ እየበዛ ነው። ብሬስ የሚሉትን ሽቦ ያሠሩ ወጣቶች በከዚራ ሰፈር ጥላዎች ሥርም በሳቢያን ሰፈር መንገዶችም ይታያሉ። ሽቦውን ማሠር ለማይችለው ቤተሰብ ነገሩ የሀብታም ቅንጦት ነው፤ ለሚችለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የውበት ጉዳይ ነው። ይህ ዳሰሳ ሁለቱንም አስተያየት በጥንቃቄ ይመረምራል። የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር፦ የብዙ ልጆች የጥርስ ድርድር የሚበላሸው ሽቦ ከመታሰቡ ስድስትና ሰባት ዓመት በፊት፣ ማንም ከቁም ነገር በማይቆጥራቸው የወተት ጥርሶች ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሽቦው ስንት ያወጣል ከሚለው በፊት፣ እነዚያን ጥርሶች ማን ያያቸዋል የሚለው ነው።

ጥርስ እንዴት ይጓዛል

ጥርስ እንደ ችካል በአጥንት ውስጥ የተቸነከረ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። በሥሩና በመንጋጋው አጥንት መካከል ጥርሱን አንጠልጥሎ የያዘ ቀጭን ጅማት አለ። ጥርሱ ላይ ለስላሳ ግፊት ለረጅም ጊዜ ሲያርፍ፣ በተገፋበት በኩል ያለው አጥንት ቀስ በቀስ ይበላል፤ ጥርሱ በለቀቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። የጥርስ ሽቦ ሥራ ይኸው ነው። ጥርሱ በወር በግምት 1 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ ሕክምናውም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል የሚፈጀው ለዚህ ነው። ግፊቱን ማክረር ጉዞውን አያፈጥነውም፤ የጥርሱን ሥር ይጎዳዋል እንጂ።

ሙያው ዕድሜ ጠገብ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው የጥርስ ሕክምና መጽሐፉ፣ ጥርስን ከቅስት ብረት ጋር በክር እያሰሩ ማስተካከልን ገልጿል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 የጥርስ አገጣጠምን ችግሮች በሦስት ክፍል መደባቸው፤ ምደባው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አንግል ለምደባው መለኪያ ያደረገው ፊት ለፊት የሚታየውን ጥርስ አልነበረም። የመረጠው ከኋላ የምትበቅለዋን የመጀመሪያዋን ቋሚ መንጋጋ ነው፤ የአገጣጠም ሁሉ ቁልፍ እሷ ናት ብሎ።

ይህች መንጋጋ የምትበቅለው ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። አመጣጧ ግን ያሳስታል። የፊት ቋሚ ጥርሶች የሚወጡት የወተቶቹ ወልቀው ስለሆነ ቤተሰብ ሁሉ ያውቃል፤ ልጁም የወለቀችውን ጥርስ ጣሪያ ላይ ወርውሮ ይጨፍራል። የስድስት ዓመቷ መንጋጋ ግን ምንም ጥርስ ሳታስወልቅ ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ኋላ ባዶ ድድ ላይ ብቅ ትላለች። ወላጅ አያያትም፤ ቢያያትም የወተት ይመስለዋል። ስትቦረቦር «ገና ይወልቃል፣ ሌላ ይተካል» ይባላል። የሚተካት ግን የለም። ከ32ቱ ቋሚ ጥርሶች ቀድማ የምትመጣው፣ የመላውን አፍ ድርድር የምትመራው ጥርስ፣ ከሁሉ ቀድማ የምትጠፋው በዚህ ስህተት ነው።

ቦታ ጠባቂዎቹ

የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። ሥራቸው ማኘክ ብቻ አይደለም፤ ከሥራቸው ለሚያድገው ቋሚ ጥርስ ቦታ ይጠብቃሉ። የኋለኛው የወተት መንጋጋ በጤናው ከቆየ እስከ 10 ወይም 12 ዓመት ይቆያል። በአምስት ዓመቱ ተቦርቡሮ ከተነቀለ ግን ከኋላው የመጣችው የስድስት ዓመቷ መንጋጋ ወደ ባዶው ቦታ ተንሸራታ ትጠጋለች፤ ለተተኪው የተጠበቀው ቦታም ይጠባል። የላይኛው ክራንቻ በተራው በ11 ወይም በ12 ዓመት ሲደርስ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ስለዚህ ከድዱ ከፍ ብሎ ወደ ውጭ ይወጣል። ከምናያቸው ድርቦች ብዙዎቹ ታሪካቸው ይኸው ነው።

ሁሉም አይደለም። የመንጋጋ ስፋትና የጥርስ መጠን ከወላጅ ይወረሳሉ፤ አውራ ጣት መጥባት፣ በአፍንጫ መታፈን ምክንያት በአፍ መተንፈስም መንጋጋን ከቅርጹ ያስወጣሉ። ውርስን ግን መከላከል አንችልም፤ የወተት ጥርስን ማዳን እንችላለን። የወተት መንጋጋ ያለ ጊዜው መነቀሉ የግድ ከሆነም፣ ሐኪሙ ቀለበትና አጭር ሽቦ ያላት ቦታ ጠባቂ ሊያስገባ ይችላል። ይህች ትንሽ ብረት በኋላ ሊመጣ የሚችለውን የሁለት ዓመት ሽቦ ልታስቀር ትችላለች። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

በዚሁ አንጻር የሚነሳ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። በአገራችን በብዙ ቦታ ሕፃን ሲያተኩሰው፣ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ጥፋተኛው ድዱ ነው ተብሎ ግግ ይወጣለታል። የባሕል አዋቂው ባልጸዳ ስለት ድዱን ፈልፍሎ ያልበቀለችውን የወተት ክራንቻ ያወጣል። ሕፃኑ ለደም መፍሰስና ለቁስል መመረዝ ይጋለጣል፤ እንደ መንጋጋ ቆልፍ ያለ ገዳይ በሽታም ሊይዘው ይችላል። ከዚያ የተረፈውም ገና በአጥንት ውስጥ ያለው የቋሚ ክራንቻው ቡቃያ ስለሚጎዳ፣ ካደገ በኋላ ክራንቻው ይጎድላል ወይም ተጣሞ ይወጣል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የወተት ጥርስ ማውጣትን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ቆጥሮታል። ሕጉ ግን እናትን ከማስፈራራት በፊት ልጇ ለምን እንደሚያስቀምጠው ሊነግራት የሚችል ሰው ይፈልጋል። ሕፃኑን የሚያድነው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና የጤና ጣቢያ ምርመራ ነው፤ ጥርሱ ጥፋት የለበትም።

ሙቀት፣ ስኳርና ጫት

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ የፈረንሳይ ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. የወለዳት ቆላማ ከተማ ናት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ሱቁን ታዘጋለች፣ መንገዱን ታራግፋለች። ሰው ይጠማል፤ ጥማቱንም ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው በቀዘቀዘ ለስላሳ ነው። በአንድ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ ወደ 35 ግራም ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአዋቂ ሰው በቀን ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይመረጣል ይላል። አንዱ ጠርሙስ ብቻ የቀኑን ድርሻ ጨርሶ አልፏል።

ጥርስ የሚቦረቦረው በትል አይደለም። የጥርስ ትል አለ ብለው አፍን በዘር ጭስ የሚያጥኑ አሉ፤ ከጭሱ በኋላ የሚታየው ነጭ ነገር ከዘሩ የወጣ ፅንስ እንጂ ከጥርስ የወጣ ፍጥረት አይደለም። የሚቦረቡሩት በጥርስ ላይ የተለጠፉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ስኳሩን በልተው አሲድ ያመነጫሉ። አፍ ውስጥ የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች) ከ5.5 በታች ሲወርድ የጥርስ ቅርፊት ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ምራቅ ጉዳቱን ለመጠገን ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ከስኳሩ ብዛት እኩል የሚጎዳው ድግግሞሹ ነው። አንድ ለስላሳ በአሥር ደቂቃ የጠጣና ያንኑ ከቀትር እስከ ማታ ሲጎነጭ የዋለ ሰው ጥርሳቸው እኩል አይጎዳም፤ የሁለተኛው ለመጠገኛ ጊዜ አላገኘም።

በርጫ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ጫት ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ ተይዞ ይኘካል፤ አፍን ያደርቃል፣ ምራቅን ይቀንሳል። በሚያዝበት በኩል ድድ ወደ ሥር ይሸሻል፣ የጉንጭ ውስጥ ቆዳም ነጭ ሊሆን ይችላል። በዚህ በደረቀ አፍ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ሲደጋገም ቡርቡሩ ይፈጥናል። ምክር እንዲሰማ ከኑሮው መነሳት አለበት፦ የሚቅም ሰው ቢያንስ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣ፣ ለስላሳውን በውኃ ይተካ፤ ጉንጩን ያፈራርቅ፤ ሲጨርስ አፉን ተጉመጥምጦ ቅጠሉን ያስወግድ፤ ሚርቃናው ቢያስቸግረውም ሳይቦርሽ አይተኛ። በጉንጩ ውስጥ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ካለ መታየት አለበት።

ድድ ሲደማ ብዙ ሰው ብሩሹን ይተዋል። መደረግ የነበረበት ተቃራኒው ነው። የሚደማ ድድ አብዛኛውን ጊዜ የተጠራቀመ ቆሻሻ ያለበት ድድ ነው። «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያላላል» የሚለው ወሬም መነሻው ለመረዳት ቀላል ነው፤ ለዓመታት የተጋገረው ጠንካራ ቆሻሻ ሲነሳ ከሥሩ ያለው የተበላ ድድ ይገለጣል። ያላላው በሽታው እንጂ እጥበቱ አይደለም። በሚደማ ድድ ላይም ሽቦ አይታሰርም፤ አስቀድሞ ድዱ ይታከማል። ይህን ሳያደርግ ሊያስር የሚቸኩል ክሊኒክ ካለ ጥሎ መሄድ ይሻላል።

መፋቂያና የጥርስ ሳሙና

ድሬዳዋ በመፋቂያ የታደለች ናት። ወይራውና ክትክታው በሌላው አገር እንዳለ ሆኖ፣ እዚህ ሶማሌዎች አደይ፣ ሙስሊሞች ሲዋክ የሚሉት እንጨት በየመንገዱ በጥቅል ይሸጣል፤ ከውዱእና ከሶላት ጋር የተያያዘ ክብርም አለው። ክብሩ ይገባዋል። በጠዋት የሚፈቅ ሰው ምንም ከማያደርገው ይልቅ ጥርሱን ይጠብቃል፤ ጫፉ በወጉ ከተኘከና ከተፈተለ የፊቱንና የጎኑን ቆሻሻ በደንብ ይጠርጋል።

የሚጎድለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በምላስ በኩል ያለውን ገጽና የኋለኞቹን መንጋጋዎች መድረስ ይከብደዋል፤ ያቺ የስድስት ዓመት መንጋጋም እዚያው ናት። ሁለተኛ፣ ቅርፊቱን የሚያጠነክረው ፍሎራይድ በጥርስ ሳሙና መጠን የለውም። ሁለቱን ማጣላት አያስፈልግም፦ ቀን መፋቂያ፣ ማታ ከመኝታ በፊት ፍሎራይድ ያለው ሳሙና። ለልጅ መጠኑ ይለያል፤ ከሦስት ዓመት በታች ላለው የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ላለው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ከቦረሹ በኋላ አረፋውን መትፋት እንጂ በብዙ ውኃ ማጠብ ጥሩ አይደለም፤ ፍሎራይዱ አብሮ ይሄዳል።

ፍሎራይድ ግን ሲበዛ ይጎዳል፤ ይህን ለማየት ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን መንገድ መከተል ይበቃል። መተሐራና ወንጂ ባሉበት ስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃው ፍሎራይድ በብዙ ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ከፈቀደው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ይበልጣል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባደረጉት ጥናት ጉዳቱ ከጥርስ አልፎ አጥንትንና ነርቭን እንደሚይዝ አሳይተዋል። እዚያ ያደገ ሰው ጥርሱ የሚበልዘው ስላልፋቀ አይደለም፤ ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ በጠጣው ውኃ ነው። ሽቦ ማሠር ከፈለገም የት እንዳደገ ለሐኪሙ ይንገር፤ እንዲህ ባለ ቅርፊት ላይ ማጣበቂያው እንደሌላው ጠንክሮ አይይዝም።

የአሥራ ሰባት ጉዞ ሕክምና

ድሬዳዋ ድል ጮራና ሳቢያን ሆስፒታሎች አሏት፤ የግል የጥርስ ክሊኒኮችም እየጨመሩ ነው። በጥርስ ማስተካከል የሠለጠኑ ስፔሻሊስቶች ግን በመላ አገሪቱ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም በአዲስ አበባ ይሠራሉ። የጥርስ ነቀላ በአንድ ቀን ያልቃል። ሽቦ ግን ሁለት ዓመት የሚቆይ ግንኙነት ነው። ታካሚው በየስድስት ሳምንቱ ቢቀርብ በሁለት ዓመት 17 ጊዜ ያህል ይመላለሳል። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልሱ 17 ጊዜ ሲባዛ ከ15,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያው፣ ከሥራና ከትምህርት የሚቀረው ቀን ከሽቦው ዋጋ ላይ ይደመራል። ዕቃው ራሱ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ የውጭ ምንዛሬ በተወደደ ቁጥር እሱም ይወደዳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም ሰው ሠራሽ ጥርስንና ለውበት የሚደረግ ሕክምናን አይሸፍንም።

ከዚህ ጭንቀት ሁለት አደጋዎች ይወለዳሉ። አንዱ ሽቦውን አዲስ አበባ አሳስሮ በመሃል መጥፋት ነው። ያልተከታተሉት ሽቦ እንደቆመ አይቆይም፤ ጥርሱን ወዳልታሰበበት ይገፋዋል፣ ሥሩ ላይ ቆሻሻ ያጋግራል። መመላለሱን እስከ መጨረሻው ማረጋገጥ የማይችል ሰው ባይጀምር ይሻለዋል። ሌላው አደጋ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚታየው የፋሽን ሽቦ ነው። ያለ ምርመራና ያለ ራጅ ለጌጥ የሚለጠፍ ብረት ጥርስን ከአጥንቱ ሊያላቅቅ ይችላል፤ ታይላንድ ሽያጩን በሕግ ከልክላዋለች። ጥርስ ለማንጣት ሎሚና ከሰል ማሸትም ከዚሁ ወገን ነው፤ ሎሚው ቅርፊቱን ያሟሟል፣ ከሰሉ ይፍቀዋል፣ የተፋቀ ቅርፊትም ተመልሶ አይበቅልም።

ሕክምናው በትክክል የሚያስፈልጋቸው አሉ፤ እነሱን ከውበት ፈላጊ ጋር መደመር በደል ነው። የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ቀድሞ የወጣበት፣ ጥርሱ የገዛ ላንቃውን የሚወጋው፣ ክራንቻው በአጥንት ውስጥ የተቀበረበት ልጅ ሕመምተኛ ነው። ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ ሕክምናው አያልቅም፤ ሲያድግ ጥርሱም መንጋጋውም የማስተካከያ እርዳታ ይሻሉ። ስሙን ከሐረር ከተማ የወሰደው ፕሮጀክት ሐረር የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት እንዲህ ያሉትን ልጆች ለዓመታት ሲያግዝ ቆይቷል። ለእነዚህ ልጆች ሽቦ የመናገርና የመብላት ጉዳይ ነው።

ሽቦ ያሠሩም ይህን ይወቁ፦ ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ በረዶ መቆርጠምና የጫት እንጨት ማኘክ የሽቦውን ማያያዣ ያላቅቃሉ፤ እያንዳንዱ መላቀቅ ሳምንታት ያስረዝማል። ሽቦው ሲፈታም ጥርስ ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ስለሚፈልግ መያዣው ለዓመታት፣ ቢቻል ለሁልጊዜ ማታ ማታ መደረግ አለበት። ሽቦ ኖረም አልኖረ ደግሞ ይህን ማንም አይርሳ፤ ባጃጅ ተገልብጦ ወይም ኳስ ሜዳ ላይ ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ከወለቀ፣ ሥሩን ሳይነኩ ወተት ውስጥ ከትቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ ጥርሱን ሊመልሰው ይችላል።

ምን ሊደረግ ይችላል

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት 3.5 ቢሊዮን ያህል ሰው የአፍ ሕመም እንዳለበት ገልጿል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙናና ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለውን ፈሳሽ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷቸዋል። ይህ ፈሳሽ ቡርቡሩ ላይ በትንሽ ብሩሽ ይቀባል፤ መሰርሰሪያም፣ መርፌም፣ መብራትም አይፈልግም። የተበላሸውን ቦታ ያጠቁረዋል፣ ቡርቡሩን ግን ብዙ ጊዜ ያቆመዋል። ጠቁሮ እስከ 10 ዓመት የሚቆይ የወተት መንጋጋ፣ ነጥቶ በአምስት ዓመቱ ከተነቀለው ይሻላል፤ ቦታ ጠብቋልና።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 16 ፓኬጆች ሲኖሩት፣ የአፍ ጤና ራሱን የቻለ ፓኬጅ አልነበረም። ይህ የሚታረም ጉድለት ነው። ድሬዳዋ ለዚህ ከብዙ አካባቢዎች የተሻለ ዕድል አላት፦ ራሷን የምታስተዳድር፣ ትምህርት ቤቶቿ ከሆስፒታሎቿ ብዙ ያልራቁ፣ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። አንደኛ ክፍል የሚገቡ ልጆችን በዓመት አንድ ጊዜ አፋቸውን ማየት፣ የስድስት ዓመቷን መንጋጋ በተከላካይ ሽፋን መሸፈን፣ የታመሙ የወተት ጥርሶችን ከመንቀል በፊት ማዳን ይቻላል። ስፔሻሊስት በወር አንድ ጊዜ ወደ ድሬዳዋ ቢመጣ ደግሞ 17ቱን ጉዞ አንድ ሐኪም ለሁሉም ይጓዝላቸዋል። ለሽቦ የሚሰለፈውን ልጅ ቁጥር የሚቀንሰው ግን የመጀመሪያው፣ በትምህርት ቤት የሚሠራው ሥራ ነው።

እስከዚያ ድረስ አንድ ነገር ዛሬ ማታ በማንም ቤት ሊሆን ይችላል። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ካለ፣ በስልክ መብራት አፉን ከፍተው ከታችኛው መሃል ወደ አንድ ጎን ይቁጠሩ። አምስቱ የወተት ጥርሶች ወይም የእነሱ ተተኪዎች ናቸው። ስድስተኛዋ ሰፋ ያለች፣ ጉድጓዳም ገጽ ያላት ሆና ከኋላ ካገኟት፣ እሷ ሌላ የማትመጣለት፣ ቀሪውን ዕድሜ ሁሉ የሚያኝክባት ጥርስ ናት። ጥቁር ነጥብ ካለባት ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ከሌለባት ብሩሹን ይዘው እዚያው ድረስ ያድርሱላት።